ጠመንጃን ለትልቅ ጥይት መለወጥ፦ ፊዚክሱ ምን ይላል?

ውጅግራ፣ ምንሽር፣ በልጅግ። እነዚህ ስሞች በአገራችን ፉከራና ቀረርቶ ውስጥ ሥር የሰደዱ ከመሆናቸው የተነሣ የባዕድ ፋብሪካ ሥራ መሆናቸው እንኳ የሚታወሰው አልፎ አልፎ ነው። በሲቀላ ስለ ግፊትና ስለ ኃይል በምናስተምርበት ጊዜ ከተማሪዎች ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱም በእነዚሁ ዙሪያ ነው፦ «ከአያት የተወረሰ የጦር ጠመንጃ ቱቦው ቢሰፋ፣ ወይም ወፍራም ቱቦ ቢገጠምለት፣ ጎሽ የሚጥል ትልቅ የአደን ጥይት ሊተኩስ አይችልም ወይ?»

ነገሩ በዓለም ላይ ያልተሞከረ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ የጠመንጃ ሠሪዎች የማውዘር ጠመንጃዎችን ለትልልቅ የአደን ጥይቶች ሲለውጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ይሁን እንጂ ሲለወጥ የሚታየው ቀዳዳው ብቻ ሲሆን፣ ሳይታይ የሚለወጠው ግን የትየለሌ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ የማይታየውን ክፍል ነው። የአሠራር መመሪያ አይደለም፤ ስሌት ነው።

በመጀመሪያ ወደ ታሪኩ እንለፍ። ውጅግራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ሲሆን፣ «የግራ ጠመንጃ» ማለት ነው። ይህ ግራ የቀኝ ተቃራኒ ሳይሆን ባዚል ግራ የተባለው የፈረንሳይ መኰንን ስም ነው። ጠመንጃው በ1874 እ.ኤ.አ. ብቅ ሲል ራሱ የልወጣ ፍሬ ነበር፤ ከእርሱ በፊት የነበረው ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይተኩስ ስለነበር፣ የነሐስ ቀለህ ያለውን ጥይት እንዲጎርስ ተደርጎ ተሻሻለ። የውጅግራ አረር 11 ሚሊ ሜትር ስፋትና 25 ግራም ያህል ክብደት ነበረው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ ወደ 450 ሜትር ይጠጋ ነበር። (ጥይቱ በአገራችን ገበያዎች እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ያገለገለበት ዘመንም ነበር።)

አረሩ ይህን ያህል ወፍራም የሆነው ለምንድን ነው? ጥቁር ባሩድ አረርን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ማስፈንጠር ስለማይችል፣ ጉልበት የሚጨመረው ክብደት በመጨመር ነበርና። በ1884 እ.ኤ.አ. ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ አልባውን ባሩድ ሲያገኝ ነገሩ ተገለበጠ። ፈረንሳዮች የውጅግራን ቀለህ ወስደው አንገቱን ወደ 8 ሚሊ ሜትር አጠበቡትና በ1886 እ.ኤ.አ. ለቤል የተባለውን ጠመንጃ አወጡ። አረሩ ቀነሰ፤ ፍጥነቱ ግን እጅግ ጨመረ፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊትም እንዲሁ።

የጣልያኖቹ ታሪክ ደግሞ ለጥያቄያችን ይበልጥ ይቀርባል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ የተሰለፉት የጣልያን ወታደሮች በአብዛኛው የያዙት 10.35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ቬተርሊ ጠመንጃ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሣሪያ ሲያጥራቸው ይህንኑ አሮጌ ጠመንጃ አወጡና በቱቦው ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ አስገብተው 6.5 ሚሊ ሜትሩን አዲስ ጥይት እንዲተኩስ አደረጉት። ቀዳዳው ጠበበ፤ ብረቱ ወፈረ፤ ታዲያ ጠመንጃው የበለጠ አስተማማኝ ሆነ? አልሆነም። መቀርቀሪያው የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ግፊት ነበርና የአዲሱ ጥይት ግፊት ከአቅሙ በላይ ሆነበት። ቱቦው ቢጠነክርም ጥይቱን ከኋላ የሚይዘው ክፍል አልጠነከረም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በጥይት ማደሪያው ውስጥ ባሩዱ ሲቃጠል የሚፈጠረው ጋዝ በሁሉም አቅጣጫ ይገፋል። ወደፊት አረሩን፣ ወደ ጎን የቱቦውን ግድግዳ፣ ወደ ኋላ ደግሞ በቀለሁ በኩል መቀርቀሪያውን። ወደ ኋላ የሚገፋው ኃይል ከግፊቱና ከስፋቱ ብዜት ይገኛል።

የማውዘር 7.92 ሚሊ ሜትር የጦር ጥይት የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 390 ሜጋ ፓስካል ነው። የቀለሁን የውስጥ ወርድ ከኋላ በኩል 10 ሚሊ ሜትር ብለን ብንወስድ፣ ስፋቱ ወደ 0.785 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ኃይሉም ወደ 30,600 ኒውተን ይሆናል። ይህ የ31 ኩንታል ክብደት ነው። በሲቀላ የሙዝ ጭነት ያየ ሰው 31 ኩንታል ሙዝ ምን ያህል የአይሱዙን ጀርባ እንደሚሞላ ያውቃል። ያ ሁሉ ክብደት ለአንዲት ሰከንድ ሺህኛ ያህል ጊዜ ያርፍበታል፤ የሚሸከሙትም በመቀርቀሪያው ጫፍ ያሉ ሁለት ጥርሶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይበልጡም።

በአንጻሩ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1912 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ባለ .375 ኢንች የአደን ጥይት እንውሰድ። ከፍተኛ ግፊቱ 430 ሜጋ ፓስካል ነው። የውስጥ ወርዱን 11 ሚሊ ሜትር ብንል ኃይሉ ወደ 40,900 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 42 ኩንታል ያድጋል። ወርዱ የጨመረው አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጭነቱ ግን ከአንድ ሦስተኛ በላይ ጨመረ። ስፋት በራዲየስ ካሬ እንደሚያድግ በዘጠነኛ ክፍል የተማርነው ነገር ትርጉሙ ይኸው ነው።

የቱቦው ግድግዳስ? ወፍራም ግድግዳ ባለው ቱቦ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚፈጠረውን ውጥረት ለማግኘት የውጩንና የውስጡን ራዲየሶች ካሬ ደምረን፣ ለካሬዎቹ ልዩነት አካፍለን፣ በግፊቱ እናባዛለን። የማውዘር ቱቦ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበት ጥርስ ያለው ክፍል የውጭ ራዲየስ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የጥይት ማደሪያው ራዲየስ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን ውጥረቱ ወደ 565 ሜጋ ፓስካል፤ ለትልቁ ጥይት ወደ 6.6 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ደግሞ ወደ 676 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። (ቱቦውን ከውጭ የሚያቅፈውን የአካሉን ቀለበት ድጋፍ ለማቅለል ትተነዋል።) ማስፋት ማለት እንግዲህ ሸክሙን እየጨመሩ ተሸካሚውን ማቅጠን ነው።

የርዝመቱ ጉዳይ የባሰ ነው። የማውዘሩ ጥይት ጠቅላላ ርዝመት 82 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የ.375ቱ 91 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ካዝናው ስለማይበቃው ብረት መቆረጥ ይኖርበታል፤ የሚቆረጠው ብረት ደግሞ ከፊት በኩል የታችኛውን ጥርስ ከሚደግፈው ሥፍራ አጠገብ ነው። ሸክሙ 42 ኩንታል በሆነበት ሰዓት ምሰሶውን መቦርቦር ይመስላል። በዚህም ምክንያት የማውዘር ፋብሪካ ለረጃጅም ጥይቶች ለብቻው ረጅም አካል ይሠራ ነበር፤ ዊንቸስተርም በ1956 እ.ኤ.አ. ባለ .458 ኢንች ጥይቱን ሲያወጣ ቀለሁን አሳጥሮ ከመደበኛው አካል ጋር አስማማው። በእኛ አስተያየት ብልሁ መንገድ ይህ ነበር፤ ጠመንጃውን ከማስጨነቅ ይልቅ ጥይቱን ለጠመንጃው ልክ መሥራት።

ርግጫውንም እንመልከት። ባለ 12.8 ግራም አረር በሰከንድ 750 ሜትር ሲወጣ ሞመንተሙ 9.6 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ነው። ባለ 19.4 ግራሙ የ.375 አረር በሰከንድ 770 ሜትር ሲወጣ ወደ 15 ይደርሳል። አብሮት የሚወጣው ጋዝ ሲታከልበት 4 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠመንጃ በመጀመሪያው በሰከንድ ወደ 3.3 ሜትር፣ በሁለተኛው ወደ 5.2 ሜትር ወደ ኋላ ይመጣል። ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ከ22 ጁል ወደ 54 ጁል ያድጋል ማለት ነው። የእንጨት ሰደፍ የሚሰነጠቀውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ትልቁ አደጋ ግን ቱቦው ሳይፈነዳ የሚደርሰው ነው። አሮጌዎቹ ማውዘሮች የተሠሩት ውስጡ ለስላሳ፣ ገጹ ብቻ በሙቀት ከጠነከረ ብረት ነው። ከአቅም በላይ ሲጫን ጥርሱ የሚቀመጥበት ቦታ በእያንዳንዱ ተኩስ በጥቂቱ እየተደቀደቀ ይሄዳል። በመቀርቀሪያውና በቀለሁ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ ቀለሁ ያለ ድጋፍ ይለጠጣል፤ በመጨረሻም ይቀደዳል። ከዚያ ጋዙ የሚያመልጠው ወደ ተኳሹ ዓይን ነው። አሥር ጊዜ በሰላም የተኮሰ ጠመንጃ ለአሥራ አንደኛው ማረጋገጫ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በበርካታ የአውሮፓ አገሮች የተለወጠ ጠመንጃ ከከፍተኛው ግፊት 25 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ተፈትኖ ማኅተም ሳያገኝ አይሸጥም። በመንደር አውደ ጥናት በሞረድና በመሰርሰሪያ የተሠራ ሥራ ይህን ፈተና አላየም።

በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ላይ የመሠረተ ሲሆን፣ ሕጋዊ አደንም በተፈቀዱ ቀበሌዎች በፈቃድ ብቻ ይካሄዳል። ከሲቀላ አጠገብ በሚገኘው በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው።

ለመለማመጃ፦ የ.458 ኢንቹ አረር 32.4 ግራም ይመዝናል፤ በሰከንድ 640 ሜትር ይወጣል። የጋዙን ድርሻ ትተን፣ 4 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጠመንጃ ወደ ኋላ የሚመጣበትን ፍጥነት አስሉ። ርግጫው ከውጅግራው በስንት እጥፍ ይበልጣል? የውጅግራውን ክብደት 4.2 ኪሎ ግራም አድርጋችሁ ውሰዱት።