ባዝ፥ በፍል ውኃ ላይ የተሠራች ከተማ

በእንግሊዝ አገር በምዕራብ በኩል፥ አቨን በሚባል ወንዝ ዳር፥ በኮረብቶች መካከል ባዝ የምትባል አሮጌ ከተማ አለች። ስሟ በእንግሊዝኛ መታጠቢያ ማለት ነው። ይህንም ስም ያገኘችው ከመሬት ውስጥ በሚወጣው ፍል ውኃዋ ምክንያት ነው። ከምንጮቹ ትልቁ የንጉሥ ምንጭ ይባላል፤ በየቀኑ ከ1,000,000 ሊትር የሚበልጥ ውኃ ይሰጣል፤ ሙቀቱም 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው።

ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፥ ይህ ውኃ በጥንት ዘመን በሜንዲፕ ኮረብቶች ላይ የዘነበ ዝናም ነው። ዝናሙ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ እየሰረገ ከ2,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ምድር ወደ ውስጥ በጠለቀች መጠን ትኩሳቷ ስለሚጨምር ውኃው በዚያ ይሞቃል፤ ከኋላው በሚመጣውም ውኃ ተገፍቶ ሽቅብ ይወጣል።

ሮማውያን አገሩን በያዙ ጊዜ፥ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት፥ በምንጩ አጠገብ ሱሊስ ሚነርቫ ለምትባል ጣዖት ቤት ሠሩ። ለመታጠቢያም ትልቅ ገንዳ አበጁ፤ ውኃው እንዳይሰርግ ወለሉን በእርሳስ ብረት ለበጡት። ከምንጩም ውስጥ እንደ ቅጠል የሳሱ 130 ያህል የእርሳስ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ሰዎች ገላቸውን ሲታጠቡ ልብሳቸውን የሚሰርቅ ሌባ ነበረና፥ ካባው ወይም ጓንቱ የጠፋበት ሰው አቤቱታውን በእርሳሱ ላይ ጭሮ ወደ ምንጩ ይጥል ነበር፤ ሌባውም ወንድ ቢሆን ሴት፥ ባሪያ ቢሆን ጨዋ፥ እንቅልፍ እንዲያጣ ይረግም ነበር። ነገሥታት በድንጋይ ካስቀረጹት ይልቅ ይህ የተራ ሰው ክስ የዚያን ዘመን ኑሮ አጥርቶ ያሳያል።

ሮማውያን ከሄዱ በኋላ ሕንጻው ፈርሶ በደለል ተሸፈነ። ከተማይቱ እጅግ የገነነችው ግን በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1700 ወዲህ ነው። በሽተኛው ለመታከም፥ ባለጸጋው ለመዝናናት ይጎርፍ ነበር። ሪቻርድ ናሽ የሚባል ሰው የግብዣው ሥርዓት አዛዥ ሆኖ፥ ጠብ እንዳይነሣ በከተማው ውስጥ ሰይፍ መታጠቅን ከለከለ። እርሱ ራሱ ቁማርተኛ ነበረ፤ በ1761 በድህነት ሞተ።

ይህች ከተማ ለኢትዮጵያ ታሪክም ባዕድ አይደለችም። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራቸውን በወረረ ጊዜ በ1936 ወደ እንግሊዝ ተሰደው፥ በባዝ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው እስከ 1940 ተቀመጡ። በኋላም ቤቱን ለአረጋውያን መጦሪያ እንዲሆን ለከተማይቱ ሰጡ።

ሕዝቡ ፈውስ ነው ብሎ ለብዙ መቶ ዓመታት ያመነው ይህ ውኃ በ1978 ሰው ገደለ። በፍል ውኃው ገንዳ የዋኘች አንዲት ልጅ በአንጎል በሽታ ሞተች። ምርመራ ሲደረግ፥ በዓይን የማይታይ አሜባ የሚባል ሕዋስ በውኃው ውስጥ ተገኘ። ይህ ሕዋስ ሙቅ ውኃ ይወዳል፤ ሰው ሲዋኝም በአፍንጫው ገብቶ እስከ አንጎል ይደርሳል። ስለዚህ መታጠቢያዎቹ ሁሉ ተዘጉ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች ወደ ጥልቁ አዲስ ጉድጓድ ቈፍረው ንጹሑን ውኃ አገኙ፤ አዲሱም መታጠቢያ በ2006 ተከፈተ።

የሮማውያን ገንዳ ግን እንደ ተከለከለ ነው። ጣራው ስለ ፈረሰ ፀሐይ ያገኘዋል፤ በዚህም የተነሣ ውኃው አረንጓዴ ሆኗል። ጎብኚዎች በዳሩ ቆመው ያዩታል፤ እጃቸውን ግን አይነክሩበትም። ከዚያ ወጥተው በአጠገቡ ባለው አዳራሽ ከጥልቁ ጉድጓድ የተቀዳውን ለብ ያለ ውኃ በብርጭቆ ይጠጣሉ።