መደመርና መቀነስ በዓይን ሲታይ

ልጆቻችሁን አገር ቤት ለአያት ወይም ለአክስት ትታችሁ የመጣችሁ እህቶች፣ በስልክ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትሉ የምታገኙት መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ደኅና ነው» የሚል ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። «8 ሲደመር 5 ስንት ነው?» በሉና ከመልሱ ይልቅ አቆጣጠሩን አዳምጡ። ልጁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ከመጀመሪያው ከተነሣ፣ ወይም ደብተሩ ላይ ጭረት ከደረደረ፣ መልሱ ልክ ቢሆንም ገና እገዛ ያስፈልገዋል። በትንንሽ ቁጥር ይወጣዋል፤ 48 ሲደመር 27 ሲመጣ ግን ጭረቱ ይበዛበትና ይሳሳታል፤ ቀጥሎ «ሒሳብ አይገባኝም» ማለት ይጀምራል። ለአስጠኚ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ባቄላና የእንቁላል ካርቶን ይፈለግ። 30 እንቁላል የሚይዘው ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ 6 ረድፍ አለው፤ በእያንዳንዱ ረድፍ 5 ጉድጓድ። ሁለት ረድፍ ተቆርጦ ሲወሰድ 10 ጉድጓድ ይሆናል። ካርቶን ከታጣ ወረቀት ላይ 10 ሣጥን መሳል ይበቃል። ልጁ 8 ባቄላ ይደርድርበት። ሁለት ቦታ ባዶ መሆኑን ሳይቆጥር ያየዋል፤ ቁም ነገሩ ይኸው ነው። አሁን 5 ባቄላ ይጨመርለት። 2ቱ ባዶውን ይሞላሉ፣ 3ቱ ከውጭ ይቀራሉ። ዐሥርና ሦስት፣ ዐሥራ ሦስት። ቋንቋችን ራሱ መልሱን ይናገራል። የግእዙ ቁጥርም ፲ እና ፫ን ጎን ለጎን አድርጎ ፲፫ ብሎ ይጽፈዋል። (ዐረብኛ ግን 25ን «አምስትና ሃያ» ብሎ ይጠራል። እዚህ አብረዋችሁ ያሉ ልጆች በዐረብኛ የሚማሩ ከሆነ፣ 25 ሲባሉ 52 ብለው ቢጽፉ ስንፍና አይምሰላችሁ።)

ለአንድ ሳምንት ያህል ዐሥርን የሚሞሉትን ጥንዶች ብቻ አጫውቱት፤ 9 እና 1፣ 8 እና 2፣ 7 እና 3፣ 6 እና 4፣ 5 እና 5። በቪዲዮ ስትደውሉ እናንተም 10 ባቄላ ያዙ፤ ጥቂቱን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ «ስንት ደበቅሁ?» በሉት። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ልጅ ከዚያ በላይ ሲሆን ይሰለቻል።

መቀነስ የሚከብደው ወደ ኋላ መቁጠር ስለሚያስቸግር ነው። ስለዚህ መስመር ይሳልና ከ0 እስከ 20 ይጻፍበት። 13 ሲቀነስ 8 ሲባል ልጁ ጣቱን 8 ላይ ያሳርፍ። እስከ 10 ድረስ 2፣ ከ10 እስከ 13 ድረስ 3፤ በድምሩ 5። ባለሱቅም መልስ ሲቆጥር ከዕቃው ዋጋ ተነሥቶ ወደ ተሰጠው ብር ይወጣል። 13 ሲቀነስ 2 ከሆነ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ መሄድ ይቀላል። የሚያጥረውን መንገድ ራሱ ይምረጥ፤ ብቻ «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁት።

ባቄላውን መቼ እናስቀምጠው ለምትሉ፣ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ካርቶኑን በሐሳቡ ማየት ሲችል ነው። «7 አለ፤ ስንት ባዶ ነው?» ሲባል ወዲያው 3 ካለ ይቀመጥ። ከተደናገረ ሳትቆጡት ባቄላው ተመልሶ ይምጣለት፤ አያቱም እንዳትቆጣው ንገሯት።