የጥናት ተሳታፊ ልሁን?

ጥያቄ፦ ወገቤን ካመመኝ ዓመታት ተቆጠሩ። የምታከምበት ሆስፒታል «ጥናት ላይ ተሳተፊ» አለኝ። እምቢ ብል ሕክምናዬን ይከለክሉኛል?

መልስ፦ በፍጹም ሊከለክሉዎት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣውና በተደጋጋሚ የተሻሻለው፣ በሰዎች ላይ የሚደረግ የሕክምና ጥናት የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ ይህን መብትዎን ያስከብራል፤ ከጀመሩ በኋላም ማቋረጥ ይችላሉ። የስምምነት ቅጹን ከመፈረምዎ በፊት ግን «አሁን የምወስደውን ማስታገሻ አቁሚ እባላለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ምክንያቱም በመድኃኒት ጥናት ከተሳታፊዎቹ ገሚሱ መልኩ ያው የሆነ፣ መድኃኒት ግን የሌለበት ክኒን ሊደርሳቸው ይችላል፤ የትኛው ለማን እንደተሰጠ ሐኪሙም ላያውቅ ይችላል።

ከተሳተፉ ደግሞ አደራዎን፣ የሕመምዎን መጠን ከ0 እስከ 10 ሲጠየቁ እንደ ሰላምታ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አይበሉ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት ከሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር ካቃተዎት፣ እሱኑ ይናገሩ።