የዶርም ወሬ አደራ ነው፦ ለግቢ ተማሪዎች ማሳሰቢያ

ዩኒቨርሲቲ ስትመደቡ የዶርም ጓደኛችሁን አትመርጡም። የጎንደሩ ልጅ ከጅማው፣ የአዲስ አበባዋ ከሶዶዋ ጋር ያድራሉ። መብራት ከጠፋ በኋላ ከአልጋ አልጋ የሚወራው የቤት ችግር፣ የፍቅር ጉዳይና የውጤት ጭንቀት ሁሉ አደራ ነው። ስልካችን አደራ በላ እንዳያደርገን እነዚህን እናስብ።

አድርጉ

1. ፎቶ ከመለጠፋችሁ በፊት ፎቶው ውስጥ ያሉትን ሁሉ አስፈቅዱ። ዶርም ውስጥ ዘና ብላ የተነሳች ልጅ ግቢው ሁሉ እንዲያያት አልፈቀደችም።

2. ቅሬታችሁን በአካል ተነጋገሩ። «ራሷን ታውቃለች» ብሎ ስቶሪ ላይ መጻፍ ጥፋት የሌለባቸውን ጓደኞች ሁሉ ያስጠረጥራል።

3. ቴሌግራማችሁን በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቆልፉ። የመግቢያ ኮድ ለማንም አትስጡ።

4. ጓደኛችሁ በቻት «ቸግሮኛል፣ በቴሌብር ላክልኝ» ካላችሁ መጀመሪያ ደውሉ። አካውንቱ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል።

አታድርጉ

1. የግል ቻት ስክሪንሾት አንስታችሁ ለሌላ አትላኩ። «ለአንቺ ብቻ» ተብሎ የተላከ ምስጢር ማታውን የባች ግሩፕ ላይ ያድራል።

2. የፍቅር ጓደኛችሁን የይለፍ ቃል አትጠይቁ፤ የእናንተንም አትስጡ። ስልክ መፈተሽ ጥርጣሬን ያሳድጋል እንጂ እምነትን አያመጣም።

3. ብትለያዩ እንኳ በፎቶ ወይም በቪዲዮ አታስፈራሩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት ማስፈራራትን ወንጀል አድርጎታል። እንዲህ ያለ ማስፈራራት የደረሰባችሁ ደግሞ ብር ብትጠየቁ አትክፈሉ፤ መልእክቱን ሳታጠፉ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፤ ለፖሊስም አመልክቱ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም።

4. ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚያንቋሽሽ ነገር አታጋሩ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ፤ ከአዋጁ በፊት ግን ከጎናችሁ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ አለ። የለጠፋችሁትን እሱም ያነበዋል፤ ነገም ከእናንተ ጋር ለቁርስ ይሰለፋል።

አጥፍታችሁ ከሆነ

የላካችሁትን አጥፉ፤ የላካችሁላቸውም እንዲያጠፉ ለምኑ። ቴሌግራም መልእክትን ከሁለቱም ስልክ መሰረዝ ይችላል፤ ካየው ሰው ልብ ግን አይሰርዝም። ስለዚህ የወሬው ባለቤት ጋ በእግራችሁ ሂዱና ይቅርታ ጠይቁ። በቻት የሚላክ ይቅርታ ለዚህ አይበቃም።