ጥርስን የሚያሳምረው ዕቃ ከምን የተሠራ ነው?

በአገራችን ጥርስ ከጥንት ጀምሮ የመልክ ጌጥ ሆኖ ሲታይ ኖሯል። ፍንጭት ጥርስ ያላት ልጅ ትመሰገናለች፤ ሴቶች የጥርሳቸው ንጣት ጎልቶ እንዲታይ ድዳቸውን ይነቀሱ ነበር፤ ገንዘብ ያለው ሰው ጥርሱን ወርቅ ያስለብስ ነበር፤ መፋቂያም ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ ጥርሱ እንዲያምርለት የሚመኘውን ሰው የምንወቅስበት ምክንያት የለንም። ጥርሱ የተሰበረበት ወይም የጠቆረበት ሰው ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ ተማሪም ከሆነ በክፍል ውስጥ ተነሥቶ መናገር ያፍራል። በዚህ ወር ጽሑፋችን የምንመረምረው ጥርስን ማሳመር ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አይደለም፤ ለማሳመር ተብሎ ወደ አፍ የሚገባው ዕቃ ከምን የተሠራ ነው የሚለውን ነው።

ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን አንድ ጉዳይ አለ። አንዲት ወጣት መምህርት የሠርጓ ቀን በቀረበ ጊዜ ከልጅነቷ ጀምሮ ጫፉ ተሰብሮ የነበረውን የፊት ጥርሷን ለማሳመር አሰበች። የጥርስ ሐኪም ያልሆነ አንድ ሰው በትንሽ ዋጋ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጨርስልሻለሁ ብሎ ዱቄትና ፈሳሽ በጥብጦ በጥርሷ ላይ ለጠፈላት። የሠርጉ ፎቶግራፍ አምሮ ወጣ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በጥርሱ ዙሪያ ያለው ድድ አብጦ ይደማ ጀመር፤ አፏም መጥፎ ሽታ አመጣ። ወደ እኛ በመጣች ጊዜ «ወይዘሮ፣ ይህ የተለጠፈልዎ ነገር ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ?» ብለን ጠየቅናት። እርሷም «እኔ ምን ዐውቄ! ነጭ ነው አለኝ» ስትል መለሰችልን። ልጥፉ ሲነሣ ከሥሩ የነበረው ጤናማ ጥርስ መበስበስ ጀምሮ ተገኘ።

«ነጭ ነው» የሚለው ቃል ቀለሙን ይናገራል እንጂ ዕቃውን አይናገርም። ኖራም ነጭ ነው።

አፍ እንዴት ያለ ስፍራ ነው?

ልብስ ቢያሳክክ ይወልቃል፤ ጉትቻ ጆሮን ቢያቆስል ይፈታል። በጥርስ ላይ የተጣበቀ ነገር ግን ሌሊትና ቀን፣ ለብዙ ዓመታት በዚያው ይኖራል። አፍ ደግሞ ዘወትር እርጥብና ሙቅ ነው። አንድ ጊዜ ትኩስ ቡና፣ አንድ ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ይገባበታል። በምራቅ ውስጥ ጨዋማ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ በጥርስ ላይ የሚኖሩትም ባክቴሪያዎች የምንበላውን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። በዚህ ሁሉ ላይ የማኘክ ጉልበት ይጨመራል። በመስተዋት ሳጥን ውስጥ አምሮ የታየ ዕቃ በአፍ ውስጥ ሊሟሟ፣ ሊዝግ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ስለዚህ አንድ የጥርስ ዕቃ ከሰውነት ጋራ ይስማማል የምንለው እነዚህን አራት ነገሮች ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ መርዝነት ያለው ነገር ወደ አፍና ወደ ደም የማያወጣ ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ ድድንና ቆዳን የማያስቆጣ፣ አለርጂም የማያስነሣ ሲሆን፤ ሦስተኛ፣ ከጥርሱ ጋራ ገጥሞ ቆሻሻ የሚያድርበት ቀዳዳና ሻካራ ጠርዝ የማይተው ሲሆን፤ አራተኛ፣ ፊት ለፊት ያለውን ጥርስ የማይፍቅና እርሱን ለማስገባት ሲባል ብዙ ጤናማ ጥርስ የማያስቆርጥ ሲሆን ነው። ከአራቱ አንዱ ቢጎድል ውበቱ ዕዳ ይሆናል።

ካለፈው ዘመን የምንማረው

የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ የቀረላቸው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሶቻቸው ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ እየተባለ ይወራል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። የተሠሩት ከጉማሬና ከዝሆን ጥርስ፣ ከሰውና ከእንስሳ ጥርስ፣ ከእርሳስና ከሌሎችም ብረቶች ነበር። እርሳስ የአንጎልና የነርቭ መርዝ መሆኑን ዛሬ እናውቃለን።

ወደ እኛ ዘመን ስንቀርብም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። የተፈጥሮ ጥርስ ሐምራዊ ባሻገር በሚባለው ጨረር ሥር ሰማያዊ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። በሃያኛው ምዕት ዓመት የሸክላ ጥርስ ሠሪዎች ይህን ብርሃን ለመምሰል ሲሉ በሸክላው ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም ይጨምሩ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ ታስቦበት ጨረር በማያወጡ ሌሎች ማዕድናት ተተካ። እነዚህ ሠሪዎች ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም። «ጥርስ ይመስላል ወይ?» ብለው ጠየቁ እንጂ «ከሥጋ ጋራ ይስማማል ወይ?» ብለው አልጠየቁም።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ ዕቃዎች

ወርቅና ሌሎች ብረቶች። ወርቅ በአፍ ውስጥ አይዝግም፤ ስለዚህ ከሰውነት ጋራ ከሚስማሙት ወገን ነው። ነገር ግን ንጹሕ ወርቅ ለስላሳ በመሆኑ ሐኪሞች ከፕላቲኒየም፣ ከፓላዲየም፣ ከብርና ከመዳብ ጋራ ቀላቅለው ይሠሩበታል። ጥያቄው የተቀላቀለው ምንድን ነው የሚለው ነው። ናስም ሲወለወል ወርቅ ይመስላል። በርካሽ ብረቶች ውስጥ የሚገኘው ኒኬል ብዙ ሰዎችን ያስቆጣል። ርካሽ ጉትቻ ወይም የሰዓት ማሰሪያ የሚያሳክከው ሰው ይህን ለጥርስ ሐኪሙ አስቀድሞ መንገር አለበት። ከዚህም ሌላ ለጌጥ ሲባል ብቻ ጤናማውን ጥርስ ሞርዶ ወርቅ ማልበስ አይገባም፤ ከእጅ አይሻል ዶማ እንደ ተባለው ነው።

አማልጋም። ይህ ብርማ መልክ ያለው የጥርስ መሙያ በክብደቱ ግማሽ ያህል ሜርኩሪ፣ ማለት ባዜቃ ነው፤ የቀረው ብር፣ ቆርቆሮና መዳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውና በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት አገሮች የአማልጋምን አጠቃቀም እንዲቀንሱ ይጠይቃል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕክምና ግድ ካልሆነ በቀር ከልክሎታል። ሆኖም አንባቢ ቸኩሎ እንዳይሳሳት እናሳስባለን። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናትና የኩላሊት ወይም የነርቭ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በተቻለ መጠን አዲስ አማልጋም እንዳይደረግላቸው ሲመክር፣ ደኅና ሆኖ የተቀመጠውን አሮጌ መሙያ ያለ ሕክምና ምክንያት ማስነሣት ግን እንደማይገባ ገልጧል። ሲቦረቦር የሜርኩሪ ትነት ይወጣልና፣ ጤናማ ጥርስም አብሮ ይሄዳልና።

አክሪሊክ። ከዱቄትና ከፈሳሽ የሚቀላቀል ፕላስቲክ ነው። በላቦራቶሪ በሙቀት በደንብ ሲበስል ለሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሠረትነት መልካም ዕቃ ነው። በቀዝቃዛው ተበጥብጦ በቀጥታ በጥርስና በድድ ላይ ሲለጠፍ ግን ሲጠነክር ይሞቃል፤ ያልተዋሐደውም ፈሳሽ ቀስ እያለ ወጥቶ ድድን ያስቆጣል። ከጥርሱም ጋራ በሚገባ ስለማይጣበቅ በመካከሉ ምግብና ባክቴሪያ ይገባሉ። ከላይ ያነሣናት መምህርት የደረሰባት ጉዳት ይህ ነው። ዕቃው ራሱ ክፉ አልነበረም፤ ቦታው አልነበረም እንጂ።

ኮምፖዚት። በጥርስ ቀለም የሚሠራ፣ ደቃቅ የመስተዋት ቅንጣት ያለበት ሙጫ ነው። ማይክል ቦኖኮር የተባሉት አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1955 ኤናሜልን በፎስፎሪክ አሲድ ለአጭር ጊዜ ማሻከር ፕላስቲክን አጥብቆ እንደሚያስይዝ አሳዩ፤ ራፋኤል ቦወን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 ዛሬ የምንጠቀምበትን የሙጫ ዓይነት የፈጠራ መብት አገኙበት። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ የፊት ጥርስ ጤናማው ክፍል ብዙ ሳይቆረጥ ሊጠገን ተችሏል። ነገር ግን በደረቅ ጥርስ ላይ በስስ በስሱ ተደርቦ እያንዳንዱ ድርብ በሰማያዊው ብርሃን በሚገባ ካልጠነከረ ያልተዋሐደው ሙጫ ለድድ አይስማማም።

ሸክላና ዚርኮኒያ። የጥርስ ሸክላና ዚርኮኒያ የተባለው ጠንካራ የማዕድን ዕቃ በምራቅ የማይሟሙና ድድ የሚቀበላቸው ናቸው። ጉድለታቸው ከአሠራር ይመጣል። ገጻቸው በሚገባ ካልለሰለሰ ፊት ለፊት ያለውን ጥርስ እንደ ሞረድ ይፍቁታል።

ቲታኒየም። ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብረነማርክ እ.ኤ.አ. በ1952 በጥንቸል አጥንት ላይ ምርምር ሲያደርጉ የተከሉት የቲታኒየም መሣሪያ ከአጥንቱ ጋራ ተዋሕዶ አልወጣ አላቸው። ይህን ተከትለው እ.ኤ.አ. በ1965 በሰው መንጋጋ ላይ የቲታኒየም የጥርስ ሥር ተከሉ። ቲታኒየም አየር ሲነካው ስስ የኦክሳይድ ልባስ ወዲያው ይሠራል፤ አጥንትም የሚቀበለው በዚህ ልባስ ምክንያት ነው።

ስለ ማንጣትና ስለ መነቀስ

በሐኪም ቤት ጥርስን የሚያነጣው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ከ0.1 በመቶ በላይ እስከ 6 በመቶ የሚሆነው መድኃኒት በጥርስ ሐኪም እጅ ብቻ እንዲጀመርና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ እንዳይሰጥ ወስኗል። በቤት ውስጥ በሎሚ፣ በከሰል ዱቄት ወይም በአመድ ጥርስን ማሸት ግን ኤናሜሉን ያሳሳዋል። ኤናሜል ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ቢጫው ክፍል ይታያልና ነጭ እናደርጋለን ብለን ቢጫ እናደርገዋለን። የድድ ንቅሳትም ቢሆን አደጋው ከጥላሸቱ ይልቅ በመርፌው ላይ ነው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዞር መርፌ የጉበት በሽታንና ኤችአይቪን ያስተላልፋል።

በስምጥ ሸለቆ ያሉ መምህራን የሚያውቁት ሌላ ጉዳይ አለ። በዚያ አካባቢ በከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ብዙ ፍሎራይድ ስለሚገኝ የልጆች ጥርስ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል። ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለምና ልጁ ሊሰደብበት አይገባም፤ በመቦረሽም አይለቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የወሰነው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ጥርሱ በመንጋጋ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ገደማ ስለሆነ፣ ዋናው መድኃኒት ለሕፃናቱ ፍሎራይዱ የተቀነሰ ውሃ ማግኘት ነው። የበቀለውን ጥርስ ግን የጥርስ ሐኪም በስሱ ፍቆ ወይም ኮምፖዚት ለብጦ ሊያሳምረው ይችላል።

ለክፍል የሚሆን ትምህርት

መምህራን ሁለት ቀላል ሙከራዎችን ሊያሳዩ ይችላሉ። በመጀመሪያ አንድ እንቁላል በኮምጣጤ ውስጥ አሳድረው ቅርፊቱ እንዴት እንደሚለሰልስ ተማሪዎች በጣታቸው ይንኩ። ጥርስ ከእንቁላል ቅርፊት እጅግ የጠነከረ ቢሆንም እርሱንም አሲድ ይበላዋል። ቀጥሎም በአንድ ሎሚ ውስጥ የብረት ምስማርና የመዳብ ሽቦ ሳይነካኩ ተክለው በቮልት መለኪያ ይለኩ። ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች በእርጥበት ውስጥ ሲገናኙ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ በአፍ ውስጥም እንዲሁ ስለሚሆን በአንድ አፍ ውስጥ ብረት ማብዛት መልካም አይደለም።

ከመቀመጫው በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንባቢ ሆይ፣ በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ከመቀመጥዎ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያለ ኀፍረት ይጠይቁ። ይህ ዕቃ ስሙ ማን ነው፣ ከምንስ ተሠራ? ለእኔ የማይስማማ ነገር አለበት ወይ? ለማስገባት ከጤናማው ጥርሴ ምን ያህል ይቆረጣል? ቢበላሽ እንዴት ይነሣል፣ በየጊዜውስ ማን ይመረምረዋል? በሙያው የሠለጠነ ሐኪም በጥያቄው አይቆጣም፤ የዕቃውን ማሸጊያ አሳይቶ ያስረዳል። ሊመልስ የማይችለው ሰው ወደ አፍዎ እጁን ባያስገባ ይሻላል።

በመጨረሻም ይህን እናስታውስ። ኤናሜል በክብደቱ ከመቶ 96 ያህል ማዕድን ነው፤ በሰውነት ውስጥ ከእርሱ የሚጠነክር የለም። የሠሩት ሕዋሳት ግን ጥርሱ ሲበቅል ስለሚጠፉ አንድ ጊዜ የተቆረጠ ኤናሜል መልሶ አይበቅልም። እስካሁን የተሠራው ዕቃ ሁሉ እርሱን ለመምሰል የሚደክም ነው። ስለዚህ ከሰውነት ጋራ ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው የጥርስ ዕቃ እናቶቻችን ያለ ዋጋ የሰጡን ነውና፣ ማሳመር ያስፈለገ እንደ ሆነ ከእርሱ ጥቂቱን ብቻ የሚነካውን መንገድ እንምረጥ። ያቺ መምህርት የተበላሸው ጥርሷ በሠለጠነ ሐኪም እጅ ተጠርጎ በኮምፖዚት ተጠግኖላታል። ዛሬ ተማሪዎቿን ስታስተምር አፏን አትሸፍንም፤ የዕቃውንም ስም ታውቃለች።