የካህኑ ንጽሕና፣ የሕዝቡ ቅድስና



ቅድስናና ንጽሕና ዘወትር ተያይዘው ቢነገሩም ትርጉማቸው አንድ አይደለም። ቅድስና በመጀመሪያ የእግዚአብሔር ነው፤ ለሰውም በጸጋ ይሰጣል። ንጽሕና ግን ስጦታውን የተቀበለ ሰው በዚያው ጸጋ ረዳትነት እጁን፣ አንደበቱንና ልቡን ከርኵሰት የሚጠብቅበት ትጋት ነው።

አሮንና ልጆቹ ወደ መገናኛው ድንኳን ሲገቡ እጃቸውንና እግራቸውን እንዲታጠቡ ታዘዙ (ዘጸ. 30፥17-21)። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ደም ያለበት እጅ ለጸሎት ቢዘረጋ እንደማይሰማ አስጠነቀቀ (ኢሳ. 1፥15-17)። ጌታችንም የጽዋውን ውጭ እያጠሩ ውስጡን የዘነጉትን ገሠጸ (ማቴ. 23፥25-26)። በግእዝ ሥርዓተ ቅዳሴያችን ካህኑ እጁን ሲታጠብ፣ ያልነጻ ሰው ወደ ቅዱስ ቁርባን እንዳይቀርብ ያስጠነቅቃል። ውኃው የሚፈሰው በካህኑ እጅ ላይ ቢሆንም ማስጠንቀቂያው ለሁላችን ነው።

ብዙዎቻችን የካህንን ንጽሕና ከድንግልና ኑሮ ጋር ብቻ እናያይዘዋለን። ድንግልና ስለ መንግሥተ ሰማያት የሚሰጥ ክቡር ስጦታ ነው (ማቴ. 19፥12)። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና የባለትዳር ካህናትንም ኑሮ ያከብራል። እንግዲህ የክህነት ንጽሕና መሠረቱ ያልተከፈለ ልብ ነው፤ ለገንዘብ፣ ለወገንና ለከንቱ ውዳሴ የማይገዛ ልብ።

ለዚህ ምስክራችን ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1791 በጎጃም ተወልደው በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ። በ1841 አቡነ ያዕቆብ ከምንላቸው ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ወደ ግብፅና ወደ ሮም ከተጓዙት መልእክተኞች አንዱ ነበሩ። በ1844 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ በ1851፣ ዕድሜያቸው ወደ 60 ሲቃረብ፣ በእኚሁ አባት እጅ ተክህነው ካህን ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታሰሩ። በ1855 በዐፄ ቴዎድሮስ ፊት ቀርበው እምነታቸውን እንዲለውጡ ቢጠየቁ አልተቀበሉም፤ የተፈረደባቸው ሞትም በእንግሊዙ ቆንስል በፕላውደን ልመና ወደ እስራት ተለወጠ። በዚያው ዓመት ሠራዊቱ ወደ ወሎ ሲዘምት በእግረ ሙቅ ተጓዙ፤ እንደታሰሩም ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1926 ብፅዕናቸውን ዐወጁ። ክህነታቸው 5 ዓመት አልሞላም፤ ልባቸው ግን ነጻ ለመውጣት ሲል አልተከፈለም።

የወሎ ምድር ዛሬም ንጽሕናችንን ይፈትናል። በከሚሴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አብዛኛው ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። ውዱእ አድርጎ ለሶላት ሲቆም እናየዋለን፤ እርሱም በባቲ የሰኞ ገበያና በሰንበቴ የእሑድ ገበያ ያየናል። ቅዳሴያችንን ባይሰማም ሚዛናችንን ይመለከታል።

በ2013 ዓ.ም. በዞኑና በአጎራባቹ ሰሜን ሸዋ በተነሣው ግጭት ብዙዎች ሞቱ፤ አጣዬ ተቃጠለች፤ ሕዝብ ተፈናቀለ። እንዲህ ባለ ጊዜ ያልተጣራ ወሬ ማቀበል አንደበትን ያረክሳል። የተዘረፈ ንብረት መግዛት እጅን ያረክሳል። ሟቹን በወገኑ ለይቶ ማልቀስም ልብን ይከፍላል። ለአንዱ ወገን ብቻ የሚያዝን ካህን በመሠዊያው ፊት ስለ ሁሉ እንዴት ይማልዳል? እኛስ ካህኑ ከወገናችን ጋር እንዲቆም ብንገፋፋው የንጽሕናው ጠባቂዎች ሳንሆን ፈታኞቹ ሆነናል።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ የቅድስና ጥሪ የሁሉም መሆኑን አስተምሯል። ሐዋርያው ጴጥሮስም የተጠመቀውን ሕዝብ ሁሉ በንጉሥ ካህናትነት ይጠራዋል (1ጴጥ. 2፥9)። ስለዚህ የወደቀ ሰው በምሥጢረ ንስሓ ይነሣ፤ እንደ ዘኬዎስም የቀማውን ይመልስ (ሉቃ. 19፥8)። ለካህናቶቻችን እንጸልይ፤ ሲሳሳቱ በፍቅር እንንገራቸው እንጂ በስውር አንማቸው።

ለውይይት፦

1. ቅድስናና ንጽሕና በምን ይለያያሉ?
2. በገበያና በሥራ ቦታ እጃችንን የሚያረክሰው ምንድን ነው?
3. ስለ ሌላ ወገን ክፉ ወሬ ስንሰማ ምን እናደርጋለን?

የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አማላጅነት ያልተከፈለ ልብ ያሰጠን። አሜን።