ከኦደር ማዶና ወዲህ፦ የፖሜራኒያ መከፈልና የጥናት ወሰን ጥያቄ

በባልቲክ ባሕር ደቡባዊ ጠረፍ የተዘረጋው ታሪካዊው ፖሜራኒያ ዛሬ በጀርመንና በፖላንድ መካከል ተከፍሎ ይገኛል። ስሙ ከስላቭ ቋንቋ የመጣ ሲሆን «በባሕሩ ዳር ያለ ምድር» እንደ ማለት ነው። (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የራሱ ታሪክ ያለው የግዳንስክ አካባቢ እዚህ አልተካተተም።) የዛሬውን ካርታ ብቻ የሚመለከት አጥኚ የኦደር ወንዝ ከጥንት ጀምሮ ምሥራቁን ከምዕራቡ የለየ ወሰን ሊመስለው ይችላል። የታሪኩ ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም።

አገሩን ለዘመናት የገዛው መስፍናዊ ቤት የመጨረሻው መስፍን ቦጊስላቭ 14ኛ በ1637 ያለ ወራሽ ሞተ። በ1648ቱ የዌስትፋሊያ ስምምነት ምዕራቡ ለስዊድን፣ ምሥራቁ ለብራንደንቡርግ ደረሰ። ሆኖም የያኔው ወሰን ወንዙን አልተከተለም። ስዊድን ሽቴቲንን፣ የኦደርን አፍና ከወንዙ በስተ ምሥራቅ ያለውን ቀጭን መሬት ጭምር ያዘች፤ የወንዙን አፍ የያዘ ኃይል ወደ ባሕር በሚወርደው ሸቀጥ ላይ ቀረጥ የመጣል ሥልጣን ነበረውና። ከ1692 እስከ 1709 የስዊድን ቀያሾች መሬቱን ለክተው ካርታ ሲያነሡ፣ ዛሬ በሁለት አገሮች የሚገኙ መንደሮችን የአንድ ግዛት አካል አድርገው መዘገቡ። ፕሩሲያ በ1720 ሽቴቲንን ወሰደች፤ በ1815 የቀረውን ጠቀለለች።

የ1945ቱ መስመር እንግዲህ ከቀደሙት ስፌቶች በአንዱም ላይ አላረፈም። አብዛኛው ክፍሏ ከኦደር በስተ ምዕራብ የሚገኘው ሽቴቲን፣ በዛሬ ስሟ ሽቼቺን፣ የፖትስዳም ጉባኤ ከመከፈቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ለፖላንድ አስተዳደር ተላለፈች። የኡዜዶም ደሴትም ለሁለት ተቆረጠ። ምዕራባዊው ፖሜራኒያ በዚህ ዓይነት የገዛ መዲናውን አጣ።

ከመሬቱ መቆረጥ ይልቅ ጥልቅ የሆነው የሕዝቡ መለወጥ ነው። ጀርመናውያኑ ነዋሪዎች ሸሹ፣ የቀሩትም ተባረሩ። በእግራቸው ከመካከለኛው ፖላንድና ሶቪየት ኅብረት ከያዘችው የቀድሞ ምሥራቃዊ ፖላንድ የመጡ ሰዎች ሰፈሩ፤ በ1947 በግዳጅ የተዛወሩ ዩክሬናውያንም ተጨመሩ። በጀርመን በኩል ደግሞ ነዋሪው በአብዛኛው ቢቀርም ስሙ ተነሣ፦ በ1947 ከክፍለ ግዛቱ መጠሪያ ላይ ተፍቆ የተመለሰው በ1990 ነው። ስለዚህ በአንዱ ወገን ስሙ ጸንቶ ሕዝቡ ተለወጠ፤ በሌላው ሕዝቡ ቆይቶ ስሙ ጠፋ። «ፖሜራኒያዊ ማንነት» የሚለውን ሐሳብ ለሁለቱም ወገን በአንድ ትርጉም የሚጠቀም ጥናት ይህን ልዩነት መሸፈኑ አይቀርም።

ችግሩ እስከ ሰነድ ክፍሉ ድረስ ይዘልቃል። የቀድሞው የሽቴቲን ቤተ መዛግብት ስብስብ ዛሬ ከፊሉ በሽቼቺን፣ ከፊሉ በግራይፍስቫልድ ይገኛል። የስዊድንን ዘመን የሚያጠና ሰው በአንዱ ከተማ ብቻ ቢወሰን፣ ሳያውቀው የ1945ን ድንበር ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወስዶ ያሰምራል።